ፋርማሲ የማይሸጠው መድኃኒት

ደሴ ውስጥ ፋርማሲ የሚሠራ ሰው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መቼ እንደገቡና መቼ እንደወጡ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ልጆቹ ሲገቡ የጉንፋንና የጨጓራ መድኃኒት ይፈለጋል፤ ከቆላ የመጡት የጦሳ ተራራን ብርድ እስኪለምዱት ድረስ ሳላቸው አይቆምም። ሞዴስ ይገዛሉ፣ የራስ ምታት ክኒን ይገዛሉ፣ ፈተና ሲደርስ እንቅልፍ የሚያባርር ነገር አለ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ፖስት ፒልም ይገዛሉ። ዛሬ የምጽፈው ግን እኛ መደርደሪያ ላይ ስለሌለ መድኃኒት ነው።

ፖስት ፒልን የማታውቅ የካምፓስ ሴት ጥቂት ናት። ያልታሰበ እርግዝናን ለመከላከል በ72 ሰዓት ውስጥ እንደሚወሰድና በቶሎ ሲወሰድ ይበልጥ እንደሚሠራ ፍሬሾቹ ሳይቀሩ ይነግሩሻል። ፔፕን ግን የሚያውቁት የጤና ተማሪዎች ብቻ ናቸው ብል ብዙ አልተሳሳትኩም። ፔፕ ለኤችአይቪ ተጋልጦ ሊሆን የሚችል ሰው ቫይረሱ ሰውነቱ ውስጥ ሥር ሳይሰድ የሚጀምረው መድኃኒት ነው። እሱም በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ከዚያ በየቀኑ ሳይቋረጥ ለ28 ቀን ይወሰዳል። የሚሰጠው በመንግሥት ጤና ተቋም ነው፣ በነፃ። እኛ አንሸጠውም።

ስለዚህ ተገዳ የተደፈረች ልጅ እኛ ጋ መጥታ ፖስት ፒል ገዝታ ከሄደች ከተጋረጡባት ነገሮች አንዱን ብቻ ነው የዘጋችው። ኤችአይቪው አለ፣ የጉበት በሽታው አለ፣ ሌሎቹ የአባላዘር በሽታዎች አሉ፣ በየሰዓቱ እየጠፋ የሚሄደው ማስረጃ አለ። እሷ ግን ክኒኗን ውጣ፣ ውሃዋን ጠጥታ፣ «አለፈ» ብላ ወደ ዶርሟ ትመለሳለች። ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ፖስት ፒል የምትገዛ ሴት ሁሉ ጥቃት የደረሰባት አይደለችም፤ አብዛኞቹ አይደሉም። ባለትዳርም ትገዛለች፣ ፍቅረኛ ያላትም ትገዛለች። ለምን ብዬ የመጠየቅ መብት የለኝም፤ ዓይኔም እንዳይጠይቅ እጠነቀቃለሁ። ብዙ ልጆች ፒያሳ ድረስ የሚመጡት የሚያውቃቸው ሰው እንዳያገኛቸው ነው፤ መስኮቱ ላይም የሚገላምጥ ዓይን ከጠበቃቸው ሁለተኛ አይመጡም።

ግን የምትለይ ልጅ አለች። ማንነቷ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀያይሬ ስለ አንዷ ልንገራችሁ። እሁድ አመሻሽ ላይ ሁለት ሆነው ነው የመጡት። ከፊት ያለችው «ፖስት ፒል አለ?» አለች። ከኋላ ያለችው ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ ስባ የክብደት መመዘኛውን ታያለች። እኔ ለማንኛዋም ገዢ የምጠይቀውን ጠየቅኩ፤ «መቼ ነው?» አልኩ፣ ሰዓቱን ሳያውቁ መድኃኒቱን መስጠት ስለማይቻል። ጓደኛዋ መልሱን ስለማታውቅ ዞር ብላ አየቻት። «አርብ ማታ» አለች የኋለኛዋ፣ ድምጿ ሳይወጣ ማለት ይቻላል።

እኔም ለሁሉም የምለውን አልኳት፦ «የኔ እናት፣ ይሄ የሚከላከለው እርግዝናን ብቻ ነው። ሳትፈልጊ የሆነ ነገር ከሆነ ወይም በሽታ የሚያሰጋሽ ከሆነ፣ ቶሎ መጀመር ያለበት ሌላ መድኃኒት አለ። ሆስፒታል በነፃ ይሰጣል። ሦስት ቀን ሳይሞላ መሄድ ነው።» ይህን ለባለትዳሯም እላለሁ፣ ለፍቅረኛሞቹም እላለሁ፣ በአንድ ዓይነት ድምፅ። ለሁሉም ስለምለው ማንንም ለይቼ አላጋለጥኩም።

ጓደኛዋ ነበረች የጠየቀችኝ። ስንት ይሆናል አላለችም። ያማል ወይ አላለችም። «እህት፣ ስሟ ካምፓስ ይሄዳል?» አለች። ቀጥላም ሰኞ ጠዋት ጀንደር ቢሮ፣ ማለትም የግቢያቸው የሴቶች ጉዳይ ቢሮ፣ ሲከፈት ለመሄድ ተስማምተው እንደነበር ነገረችኝ።

እስቲ ሰዓቱን እንቁጠረው። አርብ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የደረሰ ነገር ሰኞ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ 72 ሰዓት ይሞላዋል። ቢሮው ሰኞ ጠዋት ይከፈታል። ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ከሆነች እስክትወጣ ይጠበቃል። ከዚያ ጉዳዩን ማስረዳት አለ፣ ከዚያ የግቢው ክሊኒክ አለ፣ ከክሊኒኩ ወደ ሆስፒታል የሪፈር ወረቀት አለ። በዚህ መሐል አንድ ሰው «ነገ ተመለሺ» ካለ ሰዓቱ አለቀ። ያውም ፔፕ እስከ 72 ሰዓት ድረስ እኩል የሚሠራ ነገር አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲጀመር ነው ተስፋው የሚበልጠው። ሁለቱ ልጆች ያጠፉት ነገር የለም። በኦሬንቴሽን ቀን የተነገራቸውን ሊያደርጉ ነበር፤ ችግር ሲገጥማችሁ ጀንደር ቢሮ ሂዱ ተብለዋል። ችግር በሥራ ሰዓት ብቻ እንደማይገጥም ግን የነገራቸው የለም።

ሆስፒታል ስትሄድ ምን እንደሚጠብቃት ልጻፈው፤ ፍርሃቱ ባብዛኛው ካለማወቅ ስለሆነ። ደሴ ሪፈራል ብለን የምንጠራው ሆስፒታል የአንድ ማዕከል አገልግሎት የሚባለው አለው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ የተጎዳችው ሰው ከሐኪም ወደ ፖሊስ፣ ከፖሊስ ወደ ዐቃቤ ሕግ እየተንከራተተች አንዱን ታሪክ ደጋግማ ከምታወራ፣ እነሱ አንድ ቦታ ይጠብቋት ነው። ሕክምናውም የሥነ ልቦና ድጋፉም እዚያው ነው። ሌሊት ወይም እሁድ ከሆነ ድንገተኛ ክፍል መግባት ነው፤ ድንገተኛ ክፍል በር የለውም፣ አይዘጋም።

እዚያ የኤችአይቪ ምርመራ ይደረግላታል፣ ፔፕ ይጀመርላታል፣ የአባላዘር በሽታዎች መድኃኒት ይሰጣታል፣ የጉበት በሽታ ክትባት ካልወሰደች ይታሰብላታል፣ ቁስል ካለ ይታከማል። ሐኪሙ አካሏን የሚያየው ፈቃዷን ጠይቆ ነው፤ መሐል ላይ «ይብቃ» ብትል ይቆማል፣ ካልቆመም «ይቁም» የማለት መብት አላት። አንድ ነገር ደግሞ እናቶችም አባቶችም ይስሙ። ክብረ ንጽሕናን መመርመር አንዲት ልጅ ተደፍራ እንደሆነና እንዳልሆነ አይናገርም። የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ጽሕፈት ቤት በ2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይህ ምርመራ እንዲቀር ጥሪ ያቀረቡት የሕክምና መሠረት ስለሌለው ነው። ልጃችሁን ለዚህ ብላችሁ የትም እንዳትወስዷት።

ከመሄዷ በፊት ባትታጠብ፣ ልብሷን ባታጥብ ይመረጣል። ይህን ስናገር ልቤ ያዝናል፤ የተጎዳች ሴት መጀመሪያ የምትፈልገው መታጠብ እንደሆነ አውቃለሁና። ታጥባ ከሆነም፣ ሸሚዟ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ከሆነም ትሂድ። ሕክምናው በዚህ አይቀርም፣ ሌላ ማስረጃም ሊገኝ ይችላል። ልብሱ ካልታጠበ በወረቀት ከረጢት ወይም በካኪ ፖስታ ይቀመጥ፤ ፌስታል እርጥበት ስለሚይዝ ያበላሸዋል። ለፍርድ ቤት የሚቀርበው የሕክምና ማስረጃ በፖሊስ ደብዳቤ ሊጠየቅ ይችላል፤ ሕክምናው ግን ደብዳቤ ሊጠብቅ አይገባም። መታከም ማለት መክሰስ ማለት አይደለም። መክሰስን ሐኪሟ ጋ ቆማ መወሰን የለባትም፤ ካርዷ ላይ የተጻፈው ምርመራ ግን ነገ መክሰስ ብትፈልግ ይጠቅማታል።

ከዚያ 28ቱ ቀናት ይመጣሉ። ስለ እነዚህ ቀናት የሚያወራ ሰው አላጋጠመኝም፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚከብዱት እነሱ ናቸው። ዶርም ውስጥ ስድስት ስምንት ልጆች አሉ። አልጋው ተደራራቢ ነው፣ ሎከሩ ጠባብ ነው፣ ሻንጣ በሻንጣ ላይ ነው። ጤና የምታጠና ልጅ ዶርሙ ውስጥ ካለች ጠርሙሱን በዓይኗ ትለየዋለች። ለመከላከል የተሰጠው መድኃኒት ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሰዎች ከሚወስዱት ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ ወሬው በአንድ ቀን ካፌ ይደርሳል። ማቅለሽለሽ ሊኖረው ይችላል፤ ከምሳ በኋላ የምታስመልስ ልጅ ደግሞ በዶርም ሕግ እርጉዝ ናት። ብዙዎች የሚያቋርጡት በመድኃኒቱ ክፋት ሳይሆን በዚህ ይመስለኛል። መድኃኒቱን ወደ ተራ ዕቃ መገልበጥ ይቻል እንደሆነ የሚሰጣትን ባለሙያ ትጠይቀው። ካቅለሸለሻት ከምግብ ጋር፣ ወይም ከመኝታ በፊት እንድትወስደው ትጠይቀው። የግቢው ክሊኒክ ነርስ ጠርሙሱን አስቀምጣ በየቀኑ አንዷን ብትሰጣት ደግሞ ከሁሉም ይሻላል፤ ይህን ለማድረግ በጀት አያስፈልግም፣ ሎከርና ምስጢር የምትጠብቅ ነርስ ይበቃል። መድኃኒቱ ሲያልቅ የክትትል ምርመራ አለ። ቀጠሮውን የምታስታውሳት አንድ ጓደኛ ትያዝ።

እና ለምን ወደ እኔ መስኮት መጡ? ግቢያቸው ውስጥ ክሊኒክ እያለ፣ ጀንደር ቢሮ እያለ፣ አማካሪ እያለ?

ፋርማሲ ስም አይጠይቅም። ፋርማሲ እሁድ ይከፍታል። ፋርማሲ ፊት ለፊት ቆማ ብትታይ የጉንፋን መድኃኒት ልትገዛ ነው። እኔ በተማርኩበት ግቢ የሴቶች ጉዳይ ቢሮው ከሬጅስትራር ፊት ለፊት ነበር፤ ግማሹ ካምፓስ ተሰልፎ በሚውልበት ኮሪደር ላይ። ያን በር የምታንኳኳ ልጅ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ስሟ ተነስቶ ያልቃል። ቢሮው ውስጥ የነበረችው ሴት ግን ወርቅ ነበረች። ለስንቷ ድሃ ተማሪ ከደመወዟ ሳሙናና ሞዴስ ስትገዛ በዓይኔ አይቻለሁ። የሌላት መኪና ነበር፣ የሌሊት ስልክ ነበር፣ ከኮሪደሩ የራቀ አንድ ክፍል ነበር። እንዲህ ያሉ ሴቶች ዛሬም በየዩኒቨርሲቲው አሉ። ሰውየዋ እያለች ድጋፉ የሚጎድለው በዚህ ነው።

ደግሞ የበር ሰዓት ነገር አለ። ማታ በር ከተዘጋ በኋላ የመጣች ልጅ ስሟ ይመዘገባል፤ ሲደጋገም ዲሲፕሊን ትቀርባለች። ውጭ አምሽታ ጥቃት የደረሰባት ልጅ ታዲያ ምን ታደርጋለች? መጀመሪያ የምታስበው የጥበቃውን መዝገብ ነው። ከተናገርኩ «የት ነበርሽ» እባላለሁ ብላ ዝም ትላለች፤ ወይ የምታውቀው ሰው ቤት አድራ ሰዓቱን ታቃጥላለች። ዩኒቨርሲቲዎች በደንባቸው ውስጥ አንድ መስመር ቢጽፉ ብዙ ልጅ ያድናሉ፤ ጥቃት ደርሶብኛል ብላ የመጣች ተማሪ በማምሸቷም ሆነ በመጠጣቷ አትጠየቅም የሚል። ይህ መስመር ተጽፎ ሴቶች ዶርም በር ላይ ቢለጠፍ እንዴት ደስ ባለኝ።

ግቢው ሊሰጥ የሚችለው ነገር ብዙ እንደሆነ ተማሪዎቹ አያውቁም፤ ፍርድ ቤት ካልሄድኩ ምንም የለም ብለው ያስባሉ። ፍርድ ቤት ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ዩኒቨርሲቲው ግን በአንድ ቀን ዶርም መቀየር ይችላል። ሴክሽን መቀየር ይችላል፣ ፈተና ማዛወር ይችላል፣ ዓመቱን አቋርጣ በሚቀጥለው እንድትመለስ መፍቀድ ይችላል፣ ተከሳሹ ተማሪ ወደ እሷ እንዳይደርስ ማዘዝ ይችላል። ለአንዲት የገበሬ ልጅ ከፍትሕ በፊት የሚያስጨንቃት «ትምህርቴ ይቋረጥ ይሆን?» የሚለው ነው። ቤተሰቦቿ ከብት ሸጠው ልከዋታል። እሷን ከዶርም አስወጥቶ እሱን በቦታው መተው ግን መፍትሔ አይባልም፤ መዛወር ያለበት ካለ መጀመሪያ እሱ ይዛወር።

ስለ መምህራን ሳልጽፍ ባልፍ ራሴን እወቅሳለሁ። ከለከፋ እስከ መድፈር ያለው ሁሉ በተማሪ ብቻ የሚፈጸም አይደለም። «ውጤትሽን ለማየት ቢሮ ነይ»፣ «ኤፍሽን እናስተካክለው»፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ በቴሌግራም የሚላክ «ተኛሽ?»። ልጆቹ ይህን እንደ ካምፓስ ኑሮ አንድ አካል አድርገው ሲያወሩት እሰማለሁ። ወንጀል ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 625 ላይ በኃላፊነቱ ወይም በሥልጣኑ ተጠቅሞ፣ ችግሯን መጠቀሚያ አድርጎ ከሴት ጋር ግብረ ሥጋ የሚፈጽም ሰውን ሲዘረዝር መምህርን በስም ጠርቶታል። በኃይል ባያስገድዳትም፣ «እሺ» ብትለውም፣ እሺ ያሰኛት ውጤቷ በእጁ መሆኑ ከሆነ ይጠየቃል። ቅጣቱ ቀላል እስራት መሆኑ ያሳዝነኛል፤ ከዚህ የከበደ ይገባው ነበር። የሚከሰሰውም እሷ አቤቱታ ስታቀርብ ነው፤ አቤቱታው የጊዜ ገደብ ስላለው ሳይዘገይ የሕግ ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል። በኃይል ወይም በማስፈራራት ከሆነ አንቀጽ 620 አለ፤ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። የተደፈረችው በእሱ ቁጥጥር ወይም ኃላፊነት ሥር ያለች ከሆነች፣ ወይም ብዙ ሆነው ከፈጸሙት ጣሪያው ወደ 20 ዓመት ከፍ ይላል።

የቴሌግራም መልእክቱን አታጥፊው። ስትናደጅ ብሎክ ማድረግ ትችያለሽ፣ ግን መጀመሪያ ስክሪንሾት አንሺው፤ የላኪው ስምና ቀኑ እንዲታይ አድርገሽ፣ ለምታምኛት ጓደኛሽም ላኪላት። ቢሮ የጠራሽ ቀን ጓደኛሽን ይዘሽ ሂጂ፤ በሩ ላይ እንድትቆም። ፈተናሽን ሌላ መምህር እንዲያርመው መጠየቅ መብትሽ ነው። ጥያቄውን በጽሑፍ አቅርቢ፣ የገባበትን ቀን በኮፒው ላይ አስፈርሚ። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለአቅመ ደካሞች የሚሆን ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ ተማሪም አቅመ ደካማ ነው፣ ሄዶ መጠየቅ ነው። በግቢሽ ያለውን ሰው ካላመንሽ ከግቢ ውጭ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከተመሠረተ ጀምሮ ጠበቃ መግዛት ለማይችሉ ሴቶች ሲቆም የኖረ ማኅበር ነው፤ በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ከመሥራቾቹ አንዷ ናቸው።

እርግዝና ከተፈጠረ ደግሞ ሕጉ የሚለውን ማወቅ አለባት። አንቀጽ 551 እርግዝናው በመደፈር የመጣ ከሆነ በጤና ተቋም ማቋረጥን አይከለክልም፤ ለዚህም የሴቲቱ ቃል ብቻ በቂ ነው ይላል ቀጥሎ ያለው አንቀጽ። የፖሊስ ወረቀት አይጠየቅም፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ አይጠበቅም። እስላምም ክርስቲያንም ባለበት ቤት ያደግሁ ወሎዬ ነኝ፤ ይህ ከእምነት ጋር የሚያጋጭ ከባድ ጉዳይ እንደሆነ ይገባኛል። ውሳኔው የእሷ ነው። የምለው ሕጉን ሳታውቅ ቀርታ በየጓሮው ሕይወቷን አትጣ ነው። እኔ ጋ መጥተው በማይሆን መድኃኒት ሊያስወርዱ የሚፈልጉ ልጆችን አይቼ ስለማውቅ ነው ይህን የምጽፈው።

ኮምቦልቻ ላይ ሌላ ክፍተት አለ። የምህንድስናና የጨርቃ ጨርቅ ተማሪዎች ለልምምድ ፋብሪካ ይወጣሉ፤ ከተማዋ የፋብሪካ ከተማ ናት። እዚያ ሱፐርቫይዘሩ ቢተናኮላት ለማን ትናገር? ፋብሪካው «ሠራተኛዬ አይደለችም» ሊል ይችላል፣ ግቢው «እዚህ አልተፈጸመም» ሊል ይችላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 ጾታዊ ትንኮሳንና ጾታዊ ጥቃትን ተርጉሞ በሥራ ቦታ ከልክሏል። የልምምድ ደብዳቤው ላይ ልጅቷ ችግር ቢገጥማት የምትደውልለት ሰው ስም በሁለቱም በኩል ተጽፎ ቢሰጣት ክፍተቱ ይጠባል። ከሐረጎ ቁልቁለት በታች፣ ኮምቦልቻ በኩል ያለ ሁሉ ጉዳይ ደሴ ድረስ ይውጣ ማለትም አይሆንም፤ የመጀመሪያውን ፔፕ እዚያው ኮምቦልቻ ማግኘት አለባት።

እንዲህ ስል «ጊዜው ተለውጧል፣ አሁን ሰው ያወራል» የሚሉኝ አሉ። በእርግጥ አወራን። በ2014 ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር ማብቂያ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ተይዘው ሲለቀቁ በወሎ ሴቶች ላይ የደረሰው ነገር በአደባባይ ተነገረ። ያኔ «መደፈር» የሚለውን በሬዲዮ ሰማነው፣ በለቅሶ ቤት ሰማነው፣ ሽማግሌዎች ሲያለቅሱ አየን። ጥፋተኛው ጠመንጃ ይዞ ከሩቅ የመጣ ሲሆን መናገር ችለናል። ጥፋተኛው የክፍል ጓደኛ፣ የታወቀ ሰው ልጅ፣ የሚከበር መምህር ሲሆን ግን ድምፃችን ይጠፋል። የልጅቷ ጉዳት ግን በሁለቱም አንድ ነው። ይህን ልዩነት ለራሴም ለጎረቤቶቼም ማስረዳት አልቻልኩም፤ ሊኖርም አይገባም ነው የምለው።

ሽምግልና ሲላክ ደግሞ አይቻለሁ። ወሎ በሽምግልናው የታወቀ አገር ነው፤ ደም የተቃቡ ቤቶችን አበጋር የምንላቸው አስታራቂ ሽማግሌዎች ተቀምጠው አስታርቀዋል፣ እኔም በዚህ እኮራለሁ። ለተደፈረች ልጅ አባት ሦስት ሽማግሌ ልኮ «የልጆች ስህተት ነው፣ ስሟም እንዳይጠፋ» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። እሷ በሌለችበት፣ እሷ ሳትጠየቅ፣ በእሷ አካል ላይ ዕርቅ ይወርዳል። አስገድዶ መድፈር ቤተሰብ ስለታረቀ የሚሰረዝ ወንጀል አይደለም፤ ዐቃቤ ሕግ ይዞት ሊቀጥል ይችላል። ሽማግሌ ሆናችሁ ከተላካችሁ መጀመሪያ ልጅቷ ታክማለች ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ወንዶች ልጆችም አሉ። ተማሪ ወንድ መጥቶ ስለ ሕመሙ ሊነግረኝ ሲል ቃል አጥሮት የቆመበትን ጊዜ አልረሳውም። ለእሱም ፔፕ አለ፣ ለእሱም ያው 72 ሰዓት ነው፣ ሐኪሙም በእኩል ዓይን ሊያየው ይገባል። የሚለይበት ነገር ቢኖር የሚነግረው ሰው ማጣቱ ነው። መስማት የተሳናቸው ተማሪዎችም እንዲሁ፤ ምልክት ቋንቋ የሚያውቅ አስተርጓሚ በሌለበት ቢሮ ምን ብለው ይናገሩ?

የዶርም ጓደኛ ሆይ፣ ከሁሉ በፊት የምትሰሚው አንቺ ነሽ። ጀንደር ቢሮውም፣ ሐኪሙም፣ ፖሊሱም ካንቺ በኋላ ናቸው። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ከታችኛው አልጋ ስታለቅስ ትሰሚያታለሽ። ምን ለብሰሽ ነበር፣ ለምን ሄድሽ፣ ለምን አልጮኽሽም አትበያት። «አምንሻለሁ፣ አብሽሪ፣ አብሬሽ ነኝ» በያት። ከዚያ ሰዓቱን ጠይቂያት። ጋቢ አልብሻት፣ ፕሮክተሯን ቀስቅሺያት፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል አብረሻት ሂጂ። ለሌሎቹ ምን እንደምትሉ መንገድ ላይ ተስማሙ፤ ሆዷን አሟት ነበር ማለት ይበቃል። መሄድ አልፈልግም ካለች አትጎትቻት፤ ሰዓቱ መቼ እንደሚያልቅ ንገሪያትና ጠዋት ደግመሽ ጠይቂያት። በሚቀጥሉት ሳምንታት ክፍል ስትቀር ኖት ያዢላት። አልናገርም ያለችውን ለሌላ አትንገሪባት፤ ለፍቅረኛሽም ቢሆን።

ያን እሁድ ሁለቱ ልጆች ፖስት ፒሉን ይዘው ወጡ። በር ላይ ቆመው ጥቂት ተነጋገሩ። ባጃጅ ጠሩና ጓደኛዋ «ሪፈራል» ስትል ሰማኋት። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም፤ ቢያዩኝም ሰላም እንዲሉኝ አልጠብቅም።

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ በየፋርማሲው የምትሠሩ ባልደረቦቼ፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ የሌሊት ስልክ እስኪያቆሙ ድረስ እሁድ የምትከፍቱት እናንተ ናችሁ። ፖስት ፒል ለምትገዛ ለእያንዳንዷ፣ ለይታችሁ ሳትመርጡ፣ ስለ ፔፕ ሁለት ዓረፍተ ነገር ንገሩ። ሰው ተሰልፎ ከሆነና መናገር ካልተመቻችሁ በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ አዘጋጁት፤ በሦስት ቀን ውስጥ፣ ሆስፒታል፣ በነፃ፣ እሁድ ከሆነ ድንገተኛ ክፍል። ክኒኑን ስትጠቀልሉት ወረቀቱን አብራችሁ ጠቅልሉት፤ ቤቷ ስትደርስ ታነበዋለች።